የሱቆቹ ኪራይና ፎቶው

ከገጠር መጥተው ኮምቦልቻ ለሚማሩ ሴት ልጆች ማደሪያ የከፈትነው ዱባይ የምንሠራ ጥቂት ወሎዬዎች ነን። ድርጅቱ የተመዘገበው አገር ቤት ነው፤ ወጪውን ከደሞዛችን እናዋጣ ነበር። አየር መንገድ ሒሳብ ክፍል ስለምሠራ ገንዘብ ያዥነቱ ለእኔ ተሰጠኝ።

ከሁላችን የተሻለ የምታዋጣው ጓደኛችን ከሥራ ተቀንሳ አገሯ ስትገባ፣ አል ቁሰይስ ሰፈር እኔ ቤት ተሰበሰብን።

"ከደሞዝ እየቆነጠርን አንዘልቅም" አልኳቸው። "የአንዳችን ቪዛ በተሰረዘ ቁጥር ልጆቹ ሊበተኑ ነው። የራሳቸው ቋሚ ገቢ ያስፈልጋቸዋል።"

ከሊቀመንበራችን ጋር ሆነን ሻርጃ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ አንድ ያገራችን ሰው ዘንድ ሄድን። ሰውየው ቸር ነበሩ። በማደሪያው አጥር ላይ፣ በመንገዱ በኩል ሱቆች ላሠራና ኪራዩ ለልጆቹ ይሁን አሉ።

"አንድ ነገር ብቻ። ልጆቹ የኔ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ፎቶ ይነሱልኝ።"

ሊቀመንበራችን አቀረቀሩ። እኔ ፈጠን ብዬ "ሙሽኪላ የለም፣ ምንም ችግር የለውም ጋሼ" አልኩ።

ሱቆቹ አልቀው ሲመረቁ ሰውየው ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለቀቁት። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ቆሜ አየሁት። ልጆቹ ተሰልፈዋል፤ ከዳር ያለችው በሻሿ ፊቷን ለመሸፈን ትታገላለች። በሳምንቱ የማደሪያው ኃላፊ ደወለችልኝ።

"አንዷ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። እናቷ ለጎረቤት 'አክስቷ ቤት ናት' ነበር የምትለው። አሁን ሰዉ ሁሉ አየ።"

የልጅቷን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።"

"ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ። እስካሁን ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የምትከራዪበትን ልክፈልልሽ ብላት እምቢ አለች። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትምህርቷን ቀጠለች።

ሰውየውን ፎቶውን እንዲያጠፉት ለመንኳቸው። "ምን ነውር አለው? ሌላ ምን ጠየቅኳችሁ?" አሉኝ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ከስንት ልመና በኋላ አጠፉት። ያየው ግን አይቶታል።

ኪራዩ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይገባል፤ የማደሪያው ወጪ አሳስቦን አያውቅም። በየስብሰባው "ያንቺ ብልሃት ነው" እያሉ ያመሰግኑኛል። ሊቀመንበራችን ብቻ ምንም አይሉም። ቀና ብዬ አላያቸውም።