ወደ ጥያቄ አሥራ አራት ይለፉ

ተማሪዎቼ መጠይቅ የሚለማመዱት በእኔ ላይ ነው። ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሴቶችን ቤት ለቤት ሄደው ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድና ስለ ማህፀን ሕመም ከመጠየቃቸው በፊት፣ አሰላ ባለችው ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ፊት ለፊቴ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ በወጣትነቴ የግንባር ነርስ ሆኜ የወታደር ልብስ ለብሻለሁ። አንዴ እቆጣለሁ፣ አንዴ እንደ ደከማት ሴት አዛጋለሁ፣ አንዴ ደግሞ "አንቺ ማን ነሽና ነው ይሄን የምትጠይቂኝ?" ብዬ አፈጣለሁ። ይስቃሉ። የሳቀውን ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ።

ጥያቄ አሥራ ሁለት ስንት ልጅ እንደተወለደና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ከሥሩ "ወደ ጥያቄ አሥራ አራት ይለፉ" ይላል። እኔ ሁልጊዜ "ሁለት ወለድኩ፣ ሁለቱም አሉ" እላለሁ፤ ተማሪውም ያልፋል።

ውሸት ነው። የወለድኩት ሦስት ነው። ግንባር ሳለሁ ወደ ቤት እንዳይመልሱኝ ፈርቼ እርግዝናዬን በሰፊ ጃኬት ሸፍኜ ከረምኩ፤ በሰባተኛው ወር ድንኳን ውስጥ ወለድኩ፣ በሁለተኛው ቀን ቀበርኩ። በኋላ ያገባሁት ባሌ አያውቅም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼም አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ለራሴ እንኳ ሳስበው "ያ ነገር" ነው የምለው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሌሎች ሴቶች እውነቱን እንዲነግሩን ልጆች አሠለጥናለሁ፤ የራሴን ግን በየሳምንቱ እየዋሸሁ አሳልፋለሁ።

ያን ዕለት ተረኛዋ ከአርቦዬ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በማግስቱ ለእውነተኛው መጠይቅ ወደ ዴራ እንሄዳለን፤ እሷን ላስቀራት ወስኜ ነበር። ቀርፋፋ ናት፣ ሰው ፊት አንገቷን ትደፋለች፣ ሌላው ሦስት ቅጽ ሲጨርስ እሷ አንዱን አትጨርስም። ጓደኞቿ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። ውጪ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔም በርዶኛል፤ ቶሎ ጨርሳ ብትለቀኝ ደስ ባለኝ።

"ስንት ልጅ ወልደዋል?" አለች።

"ሁለት።"

አልጻፈችም። ቅጹን ወደ ኋላ ገለጠችና፣ "ሲስተር፣ ይቅርታ። የስምምነቱን ገጽ አላነበብኩልዎትም" አለች።

ጊዜ ለመቆጠብ ያንን ገጽ እንዲዘሉት የፈቀድኩት ራሴ ነኝ። ለልምምድ ምን ያደርጋል ብዬ።

"ልምምድ ነው፤ ቀጥይ" አልኳት።

"የተጠያቂዋ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን እርስዎ ነዎት" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎም ወታደር ነበሩ።"

ተናደድኩ። እሷ ግን ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። "ለመመለስ የማይፈልጉት ጥያቄ ካለ መተው ይችላሉ። ቢተዉትም የሚቀርብዎት ነገር የለም። የሚነግሩን በስምዎ አይጻፍም።" ቃላቱ የእኔ ናቸው፤ ስንቴ አርሜያቸዋለሁ። ለእኔ ሲነበቡ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ነገ ዴራ ላይ የመጀመሪያውን በር የምታንኳኳው እሷ መሆን እንዳለባት ያኔ ገባኝ፤ በፈረድኩባት ፍርድም አፈርኩ።

አንብባ ስትጨርስ "ሲስተር" ማለቱን ትታ፣ በአገሯ ትልቅ ሴት በምትጠራበት አጠራር ጠራችኝ።

"አዴ፣ ልቀጥል?"

"ቀጥይ።"

"ስንት ልጅ ወልደዋል?"

"መተው እፈልጋለሁ" ማለት እችል ነበር፤ አሁን ተነግሮኛል። "ሁለት" ብልም አታውቅብኝም። እሷ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች፤ ቀርፋፋ ያልኩት ይህንን መጠበቋን ነበር።

"ሦስት" አልኩ።

ቀና ብላ አላየችኝም፣ አልደነገጠችም። ጻፈች። "በሕይወት ያሉትስ?"

"ሁለት።"

ጣቷ "ይለፉ" የሚለውን መስመር አልፎ ከጥያቄ አሥራ ሦስት ላይ ቆመ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አሥራ ሦስት ተነብቦ አያውቅም።

"በሕይወት የሌለው ልጅ ወንድ ነበር ወይስ ሴት?"

ያንን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ሴት ነበረች" አልኩ።

ጻፈች። ከዚህ ወዲያ ቅጹ ስለዚያች ልጅ የሚጠይቀው የለም። እሷ ግን ገጹን አልገለጠችም፤ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ፀጉሯ ብዙ ነበር" አልኳት።