አክስቴ በፊልም የሞተች ጊዜ

ልጅ ሆኜ አክስቴን ይታይሽን ስትታሰር አይቻለሁ፤ ስትዳር አይቻለሁ፤ አብዳ መንገድ ለመንገድ ስትጮህም አይቻለሁ። ሁሉንም ያየሁት እንጅባራ፣ መናኸሪያው ጀርባ በነበረችው ቪዲዮ ቤት፣ እርጥብ ሸራና የጄኔሬተር ጭስ እየሸተተኝ፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በእጄ ይዤ ነው። ይታይሽ የእናቴ ታናሽ ናት። አዲስ አበባ የሄደችው ሰው ቤት ልትሠራ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ ፊልም ውስጥ ገባች። ዋና ሆና አታውቅም። ፖስተር ላይ ፊቷ የለም፤ ስሟም ፊልሙ አልቆ ሰው አግዳሚውን እየገፋ ሲወጣ ነው ሽው ብሎ የሚያልፈው። ግን ምን ያልሆነችው አለ? ነርስ፣ ሌባ፣ የቤት ሠራተኛ፣ አልቃሽ፣ የመጠጥ ቤት ሴት።

እኛ ልጆች ደግሞ “ተወነች” የሚባል ነገር አናውቅም። “ይታይሽ ታሰረች”፣ “ይታይሽ አገባች” ነው የምንለው፣ በቃ። ሌባ የሆነች ሰሞን ክፍል ውስጥ እርሳስ በጠፋ ቁጥር የምፈተሸው እኔ ነበርኩ። “የሌባዋ የእህት ልጅ፣ እስቲ ቦርሳሽን ክፈቺ” ይሉኛል። እኔም የምተኛ አልነበርኩም፤ አንዷን በዚያው ቦርሳ አቅምሻታለሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ይታይሽ ሞተች። ምጥ ላይ ነው የሞተችው። ዓይኗን ከደኑላት፣ ገነዟት፣ ተሸክመው ወስደው ቀበሯት። ፊልም መሆኑን እያወቅሁም ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የሳምንቱ ወሬያችን እሱ ሆነ።

በገበያው ቀን አያ ይበልጣል ድንች ሊሸጡ ከአያቴ አገር፣ ከጥርባ በኩል መጡ። የአያቴ ጎረቤትም ዘመድም ናቸው። ጓደኛዬን ብርቱካንን ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ አገኟትና፣ የዘመዳችን ልጅ ይታይሽ እንዴት ናት ብለው ጠየቋት። ብርቱካን ቆሎዋን እየቆረጠመች “ሞታለች እኮ፣ ባለፈው ቀበሯት” አለቻቸው። ይህንን ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ ምንም ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ሁልጊዜው ማውራቷ ነው።

ሌላ አገር ቢሆን መቼ፣ የት፣ በምን ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ግን የሞት ወሬ መንገድ ላይ አይመረመርም። መርዶ ወግ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቅርብ ዘመድ ተጠርቶ ነው የሚነገረው። “መርዶ ካፍ ከወጣ አይመለስም” ይሉ ነበር ትልልቆቹ። አያ ይበልጣልም ድንቻቸውን ለሰው ትተው ማምሻውን ቤታችን መጡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

“እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል። በጠዋት ብትመጪ ጥሩ ነው” አሏት እናቴን፤ ሄዱ።

እናቴ ልጅ አይደለችም፤ “ትንሽ አሟቸዋል” ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አያቴ የሞተች መሰላት። አያቴ የልብ ሕመም ነበረባት፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛት ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። በማግስቱ ሳይነጋ ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ወጣን። አስፋልቱ ሲያልቅ በእግር ጭቃውን ተያያዝነው። ጉሙ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንሱ ዛፍ መሐል አልወጣም፤ የከሰል ጭስ ይሸታል። እናቴ እጄን ጨምድዳ ይዛው ነበር።

በአያ ይበልጣል አጥር ሥር ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እናቴ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አያ ይበልጣል ተንደርድረው ያዟት።

“ዝም በይ፣ እናትሽ እንዳይሰሙ። እሳቸው ደህና ናቸው። ይታይሽ ናት።”

ያን ጊዜ ገባኝ። በፊልም ነው የሞተችው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ ብዬ ለፈለፍኩ። አንዱ ሽማግሌ አንቺ ሕፃን፣ በዚህ ነገር አትግቢ አሉኝ። እናቴ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጠች፤ ስትመለስ ፊቷ ዐመድ መስሏል። የይታይሽ ስልክ ዝግ ነው። ሁሉም እኔን አዩኝ። ልንገራችሁ፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ዓይኗ ሲከደን አይቻለሁ እኮ! ከዚያ ወዲህ ደሞ ድምጿን አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ እንግባ አንግባ እያሉ ሲንሾካሾኩ የአያቴ በር ሲጥጥ አለ። ወጣች። ሰውን አየች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ በመጨረሻ እናቴን አየቻት። ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“አንቺ ቆመሻል” አለች። “እንግዲያ ይታይሽ ናታ።”

እጇን ደረቷ ላይ ስትጭን ሳይ ሮጬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ።

“እማማ፣ በፊልም ነው። በጨዋታ ነው የሞተችው።”

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ድምጿን አሰሙኝ አለች። ያንን ጉብታ ግራና ቀኝ ተደግፋ ወጣችው። በየመሐሉ ትንፋሿ ሲያጥር ሰው ሁሉ አብሯት ይቆማል። እናቴ ትደውላለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ትደውላለች፤ ዝግ ነው። ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲገፈፍ ስልኩ ድንገት ጠራ፤ ይታይሽም በእንቅልፍ ድምፅ “አቤት እታለም” አለች። ሲቀርጹ አድረው ስልኳን የከፈተችው ገና አሁን ነው።

አያቴ ስልኩን ተቀበለች። አላለቀሰችም፤ እልልም አላለች። በአገራችን ቋንቋ በአውኝኛ ነው የተናገረቻት፤ “ከእኔ በፊት እንዳትሞቺ። በጨዋታም ቢሆን።”

ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ ብርቱካንን ሲረግሙ አረፈዱ። ይታይሽ ግን ቃሉን የምር ያዘችው። ደህና ደህናው የሴት ገጸ ባሕርይ ደግሞ ሟች ነው፤ ታማሚዋ እናት፣ ባሏ የሚገድላት ሚስት። አንዱ ዳይሬክተር ፊትሽ ለመሞት የተሠራ ነው ብሏት ነበር አሉ። እምቢ አለች። ዳኛ ሆነች፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ደላላ፣ አማት፣ አከራይ፣ መነኩሲት፤ ሳይሞቱ የሚኖሩትን ሁሉ ሆነች፤ ስሟ ግን እዚያው መጨረሻው ላይ ቀረ።

አያቴ ካረፈች ቆየች። እኔ አሁን ዳንግላ ሞባይል ቤት ተቀጥሬ ለሰው ሚሞሪ ላይ ፊልም እጭናለሁ፤ ይሰለቸኛል፣ ግን እሠራለሁ። ቪዲዮ ቤቷ የለችም። መርዶም አሁን ጎህ አይጠብቅም፤ የአጎቴን ልጅ ሞት ያየሁት ፌስቡክ ላይ፣ ከጫማ ማስታወቂያ ሥር ነው። ማንም መጥቶ እጄን የያዘኝ የለም።

ባለፈው ዓመት ይታይሽ ደወለች። በሕይወቷ ትልቁን ቦታ ሰጥተዋታል፣ ፖስተሩም ላይ አለች፤ በመጨረሻ የምትሞተው በሽተኛ እናት። ምን ልበል ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እኔ ከጎን ሆኜ እሺ በይ፣ ያዢው ብዬ ጮህኩ። እናቴ ስልኩን ከእኔ ዞር አድርጋ “ከእኔም በፊት አይሆንም” አለቻት። እኔ ተናደድኩ፤ ይታይሽ ግን ሳቀች፤ እናቲቱን ለሌላ ትታ በዚያው ፊልም ጎረቤት ሆና ሠራች።

ባለፈው እሑድ እንጅባራ ሄጄ ፊልሙን ለእናቴ አሳየኋት። ስልኬን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። ሌላዋ ሴት አልጋ ላይ ስታጣጥር ቤቱ ሁሉ ያለቅሳል፤ ይታይሽ ከሰው ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሟቿ ዓይኗን ስትከድን እኔ እንባዬ መጣ። እናቴ ግን የሞተችዋን አላየቻትም። በጣቷ በሩ አጠገብ የቆመችውን እየነካካች “አየሻት? ወፍራለች” አለችኝ።