ያላስጨረስኳት ንግግር

እናቴን ከጎጃም ያመጣኋት ለሕክምና ነበር። እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ዘመን ቢያልፈኝም፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤቴ እሷ እስክትገባባት ድረስ የእንግዳ ማረፊያ ነበር የምትመስለኝ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ልቧ እንደደከመ፣ ብዙም እንደማትቆይ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ለታማሚው አይነገርም። ወጥቼ፣ «ጨጓራ ነው አሉ» አልኳት።

ያበጠ እግሯን ዘርግታ አየችው። «ጨጓራ ደግሞ እግር ማሳበጥ የጀመረው መቼ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲህ የምትነግረኝ ነገር እንዳላት አውቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጀመረችው።

«ስሚኝ እስቲ፣ ይሄ ትንፋሼ ያጠረ ዕለት…»

«በስመ ሥላሴ! እማዬ፣ ሟርት አታውሪ!»

«ሟርት አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ይልቅ በዚህ ደረጃ ሬሳዬን እንዴት እንደምታወርዱት አስበሽበታል? አቁማችሁ ነው?»

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። «መድኃኒትሽን ዋጪ» ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሌላ ጊዜ ከብስራተ ገብርኤል አስቀድሰን ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ እንደገና ሞከረች። «የንስሐ አባታችንን ቀድመሽ…» ስትል በክርኔ ነካኋት።

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እነሱ አይሞቱም?»

ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዝም ካልን ቀኑ የሚያልፈን ይመስለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህንንም እንደ እምነት ቆጥሬው ነበር።

ቀኑ አላለፈንም። አንድ ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን ሳትጨርስ ትንፋሿ አጠረ። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዷት፤ ሐኪም ቤት ስንደርስ መናገር አቅቷታል። አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«በአፋቸው ቱቦ አስገብተን በመሣሪያ ካላስተነፈስናቸው ትንፋሻቸው ይቆማል። ካስገባን ደግሞ ላይነቁ ይችላሉ። ስለዚህ ነገር እናትሽ የነገሩሽ ነገር አለ?»

«የለም» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ አላስጨረስኳትማ።

ወደ አልጋዋ ስመለስ እናቴ እጄን ጨብጣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ሕመሙ ነው ብዬ ቱቦው እንዲገባ ፈረምኩ።

የንስሐ አባታችን ከቀትር በኋላ ደረሱ። አልጋው አጠገብ ቆመው ቱቦውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«መቼ አስገቡላት?»

«ጠዋት፣ አባቴ።»

«አልነገረችሽም እንዴ? ያመማት ዕለት ሐኪም ቤት እንዳትወስጂያት፣ ለእኔ ደውለሽ ቤትሽ ሆና ሥጋ ወደሙን እንድትቀበል ነበር ምኞቷ። ለልጄ እነግራታለሁ ብላኝ ነበር።»

«አሁንስ አይቻልም?»

«በምን በኩል፣ ልጄ? አፏ እኮ ተይዟል።»

ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። ቱቦው ከወጣ ትንፋሿም አብሮ እንደሚወጣ፣ መዋጥም እንደማትችል ነገረችኝ። ቄሱ ጸሎት አደረሱላት፣ በመስቀላቸው ዳሰሷት፣ ግንባሯ ላይ ጸበል ረጩላት። በሦስተኛው ቀን፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ሳትቆርብ ሄደች።

ድንኳን ውስጥ የመጣው ሁሉ፣ «የሚቻለውን ሁሉ አድርገሽላታል፤ አንቺስ አይቆጭሽ» እያለ አጽናናኝ። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ ቀና ብዬ ግን ማንንም ማየት አልቻልኩም።

ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ቀኖና ይስጡኝ፣ አባቴ።»

«በምን ኃጢአት?»

«እናቴን ባለማስጨረሴ።»

ከተንበረከክሁበት አነሱኝ። «ፈርተሽ ነው፤ ወደሻት ነው» አሉኝ። «ለዚህ የምሰጥሽ ቀኖና የለኝም። ሂጂ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁ። ስግደት ቢያዙኝ፣ ጾም ቢያዙኝ ኖሮ፣ ቆጥሬ እጨርሰው ነበር።