ሦስት ፍሬት ወደ ታች

ኢ ፍላት የሚባለውን የዘፈን መነሻ ድምፅ የወደደ ሰው ጊታር ነክቶ አያውቅም ብዬ ነው የማምነው። የድሮዎቹ የጃዝ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዚያ መነሻ ነው የሚነሡት፤ ለጥሩምባና ለሳክስፎን ነፊዎች ስለሚመቻቸው። ብቻዬን ለምጫወተው ለእኔ ግን፣ ዜማውም አጃቢውም ባሱም እኔው ለሆንሁት፣ ኢ ፍላት ማለት አመልካች ጣቴን ስድስቱ ክሮች ላይ አጋድሜ የቀሩትን ጣቶቼን በየአቅጣጫው ማሰደድ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ይዝላል። አንድ ቀን ታዲያ አንዱን ዘፈን እንዳለ ሲ ወደሚባለው መነሻ ባወርደው፣ ጣት ሳይነካቸው የሚጮኹት ባዶ ክሮች የሥራዬን እኩሌታ እንደሚያግዙኝ ገባኝ። ያን ቀን ዓባይ ማዶ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጨፈርሁ። የሠላሳ አራት ዓመት የሒሳብ መምህር በካልሲው ሲጨፍር ያየ ሰው ባለመኖሩ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ዘፈን ሁሉ ማውረድ ሆነ ሥራዬ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ተማሪዬ ቀላሉን ጥያቄ ብቻ መርጦ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ነጥብ እቀንስበታለሁ፤ እኔ የማደርገው ደግሞ ያንኑ መስሎ ታየኝ። አጭበርባሪ ነኝ እያልሁ አወርዳለሁ፤ እያወረድሁ እስቃለሁ።

ነገሩ ቁም ነገር የሆነው በሐጃ ምክንያት ነው። ሐጃ ከወረታ ነጋዴዎች ቤተሰብ የመጡ ሴት ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። ጣና ዳር፣ ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግቢ፣ ዓሣ ቤት አላቸው። እሑድ ከሰዓት ሰው ከነልጆቹ መጥቶ የቆሮሶ ጥብስ ሲበላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ደግሞ ከክፍሌ ግድግዳ በቀር ሰሚ አግኝቼ አላውቅም። ያችን የእሑድ ወንበር ምን ያህል እንደፈለግኋት ስናገር አፍራለሁ፤ ሰበብ እየፈጠርሁ በዚያ በኩል አልፍ ነበር።

ደፍሬ ገብቼ ስጠይቃቸው አንድ ፈተና ብቻ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ወረታ ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ዘወትር ከሰዓት በኋላ የሚያዳምጡት ካሴት ነበራቸው፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ረስቶት የሄደ የፈረንጅ ዘፈን። ከዚያ ውስጥ አንዷን ደጋግመው ይሰሟት ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ካሴቱን ቴፑ ጎትቶ በላው። ሐጃ ያችን ዘፈን በአፍንጫቸው አንጎራጎሩልኝ፤ ሦስት ድምፅ ሳይሄዱ አወቅኋት። በኢ ፍላቷ ምክንያት ስሸሻት የኖርሁ የታወቀች የጃዝ ዘፈን ነበረች።

ከእኔ በፊት አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሞክሮ ነበር። ዘፈኑን ከስልኩ ሰምቶ፣ በዋናው መነሻና በዋናው ፍጥነት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተጫወተላቸው። ሐጃ ዓሣ አብልተው ሸኙት። «እሱ አይደለም» ነበር ያሉት። ምኑ እንዳልሆነ ግን ራሳቸውም አያውቁትም።

እንግዲህ ዋናውን እንዳለ የተጫወተ ሰው ወድቆ፣ እኔ አውርጄ ልቀርብ ነው። በዚያ ላይ ጣቶቼ ዘገምተኞች ስለሆኑ ከዋናው በጣም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ሐጃ ደግሞ ያችን ዘፈን አንድ ጊዜ መስማት ከሙዚቀኛው ይልቅ እንደሚፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታያል። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ይስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወቱ ሁለት ጊዜ አየኝ።

ዘፈኑን ያወረድሁት ተማሪ እየፈተንሁ ነው። ኮርዶቹን፣ ከዜማው ሥር ሆነው የሚያጅቡትን ድምፆች፣ ስልኬ ራሱ ቀየረልኝ። ዜማው ግን ወረቀት ላይ በቁጥር የተጻፈ ነበር፤ ለስድስቱ ክር ስድስት መስመር ተሰምሮ፣ ቁጥሩ ጣት በስንተኛው ፍሬት ላይ እንደሚያርፍ ይናገራል። ፍሬት የምንለው የጊታሩን አንገት እንደ መሰላል የሚከፋፍለውን ብረት ነው። ይህን በእጄ መቀነስ ነበረብኝ። ከኢ ፍላት እስከ ሲ በጣቴ ቆጠርሁ፤ አራት ሆነ። ከየቁጥሩ ላይ አራት ቀነስሁ፤ የማይቀነሰውን ወደ ወፍራሙ ክር አሻገርሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእርሳስ ስቀንስ፣ በደስታ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል መሰለኝ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ መልስ የምነግራት መስሏት አፌን እየተከታተለች ስትጽፍ ያዝኋት። ማንን ልቆጣ? ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ቤት ገብቼ ስመታው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቴ ተጨማደደ። ጃዝ ኮምጠጥ ማለቱ የታወቀ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ክሩ ይሆናል ብዬ ክር ቀየርሁ፤ የሐይቁ እርጥበት ይሆናል ብዬ ጊታሩን ብርድ ልብስ አለበስሁት። በአራተኛው ቀን ጭራሽ ጣመኝ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ ሌላው ሕዝብ ያልደረሰበት ጥበብ ላይ እንደደረሰ ሰው እጫወት ጀመር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከግድግዳው ማዶ ግን የቤቱ ባለቤት የኔታ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸው ሲደክም ቤት የዋሉ የዜማ ሊቅ ናቸው። ጊታሬን ሰምተው እንዳልሰሙ ማለፍ ልማዳቸው ነበር። ፈተናዬ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቧንቧ ላይ ባልዲዬን ደቅኜ ሳለ ከደጃፋቸው ጠሩኝ።

«መምህር፣ የላይኛው ረቡዕ ደርሷል። የታችኛው ገና ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

ጃዝ እንዲህ እንደሆነ በትሕትና ላስረዳቸው ሞከርሁ። አልተከራከሩኝም፤ ጊታሩን አምጣው አሉኝ። ዜማውን ብቻ እንድመታ አዘዙኝ፤ አማረ። አጃቢውን ብቻ አሉኝ፤ እሱም አማረ። ሁለቱን አንድ ላይ ስመታቸው የኔታ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስንት እንዳወረድሁት ጠየቁኝ። አራት አልሁና በጣቴ አሳየኋቸው፤ ኢ ፍላት አንድ፣ ዲ ሁለት፣ ዲ ፍላት ሦስት፣ ሲ አራት።

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«የተነሣህበትንም ቆጠርኸው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ዘፈኑን ክርስትና ልታነሣው ኖሯል።»

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በልጅነቴ እናቴ ለወለደ ጎረቤት ሁሉ ቀን የምታስቆጥረው እኔን ነበር፤ ጣቴ የለመደው እሱን ነው። የኔታ፣ ከዚህ እስከ ቧንቧው ስንት እርምጃ ነው ብልህ የቆምህበትን ቦታ እርምጃ ትለዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልለውም። የሚያስፈልገኝ ሦስት ፍሬት ነበር፤ ስልኬም ኮርዶቹን ያወረደው ሦስት ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ዐይኔን ጨፍኜ ያጣጣምሁት ጥበብ የመደመርና የመቀነስ ስሕተት ነበር።

«ሒሳብ ነው የምታስተምር ያልኸኝ?» አሉና በሳቅ ወደቁ። እኔም ጊታሬን ታቅፌ፣ ባልዲው ሞልቶ ግቢውን ሲያጥለቀልቅ እያየሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድልኝ የሚያስጨንቀኝን ነገርኋቸው። ቁጥሩ ቢስተካከልም ማውረዱ ራሱ ማጭበርበር ነው፤ ሐጃም እሱ አይደለም ይሉኛል። የኔታ ነገሩ ግራ ገባቸው። «ዜማ ሲነሣ መነሻውን የሚሰጥ መሪው ነው» አሉኝ። «ጉሮሮው ዛሬ የቻለውን ያህል ያነሣዋል፤ የቀረነው እንከተላለን። ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል?» ልቤ ትንሽ ረጋ። ሐጃ ግን የኔታ አይደሉም ብዬም አሰብሁ። እስከ ቅዳሜ ማታ ቁጥሩን ሁሉ በላጲስ እያጠፋሁ በየቁጥሩ አንድ አንድ መለስሁበት።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ሞልቷል። ከዘጌ የመጣች ጀልባ ሰው ስታራግፍ ልጆች ይሯሯጣሉ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ሳልደበቅ ልናገር ብዬ ዘፈኑን ዝቅ እንዳደረግሁት፣ ቀስም እንዳልሁ ለሐጃ ነገርኋቸው። ምን እንደማወራ አልገባቸውም፤ የሰዉ ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ጀምር አሉኝ።

ጀመርሁ። ባዶዎቹ ክሮች ጮኹልኝ፤ የላይኛውም የታችኛውም አንድ ቀን ላይ ዋሉ። ደስታው ከጣቴ እስከ አናቴ ወጣ፤ ፈተና ላይ መሆኔን ሁሉ ረሳሁት። ቀና ስል ሐጃ ሳህን ይዘው በቆሙበት ቀርተዋል። ስጨርስ መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ።

«ያንን ቴፕ የት አገኘኸው?» አሉኝ።

ቴፕ እንደሌለ፣ እኔው እንደሆንሁ፣ ጣቴ ስላልቻለ ሦስት ፍሬት እንዳወረድሁት እየተንተባተብሁ ማስረዳት ያዝሁ። አልሰሙኝም።

«ባለቤቴ ለቴፑ ባትሪ ድንጋይ አይገዛም ነበር» አሉ። «ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርግና መልሶ ይከተዋል። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይስቃል። ዘፈኑ እንዲህ እየወረደ፣ እንዲህ እየተጎተተ ነበር የሚል። ልክ እንዲህ።»

ያለቅሳሉ፤ ይስቃሉም። እኔም እንደዚያው። እንደገና አሉኝና እንደገና መታሁት። ሁለተኛው ላይ፣ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል እንደሚሆነው፣ መጨረሻውን ይበልጥ ጎተትሁላቸው፤ በሳህኑ ፊታቸውን ሸፈኑ። እሑድ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ዓሣ ሲያቀርቡልኝ፣ ለሚመጣው ሳምንት ቀደም ብለህ ና ሲሉኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። ስለማመድ ስለማመድ ጣቴ ጠንክሮ ኢ ፍላትን ቻልሁት፤ ኩራቱ አላስቀምጥ አለኝ። ባለፈው እሑድ ለማንም ሳልናገር ያችን ዘፈን በዋናው መነሻ፣ በዋናው ፍጥነት ለቀቅኋት። አንድም ስሕተት አልሠራሁም፤ ከጀልባ የወረዱ እንግዶች አጨበጨቡልኝ። ሐጃ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከማዕድ ቤቱ ብቅ አሉ።

«ድንጋዩን ማነው የቀየረው?» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ሦስት ፍሬት ወርጄ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።