ባዶ የተባለው የሽንኩርት ቦታዬ

ጥፋተኛው ኢንጂነር ሰይድ ነው።

ዛሬ እኛን የገበያ ሴቶቹን መካነ ሰላም ከተማ አዳራሽ ጠርቶን የአዲሱን የጭነት መኪና ተርሚናል ጥናት ግድግዳ ላይ አሳየን። የሠራው ኤአይ የሚሉት ራሱ የሚያስብ ማሽን ነው አለን።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። አሮጌው መናኸሪያ ጎን፣ ሽንኩርት የምሸጥበት ቦታ ላይ፣ "ባዶ መሬት፤ ለንግድ ሕንፃ ተስማሚ" ይላል። ሁለቴ አነበብኩት።

"ሰይድ፣ እኛስ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ኤአዩ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አይቶ ነው። ሰው የለበትም።"

"መቼ የተነሳ?"

"ማክሰኞ።"

"ማክሰኞማ እኔም ቤቴ ነኝ። ገበያው ቅዳሜ አይደል?"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከዚያ ቦታ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ማሽኑስ የአገራችንን ገበያ ከየት ያውቃል? ሰይድ ግን እናቱ እዚያው አጠገቤ ቅቤ እየሸጠች ያሳደገችው ልጅ ነው። "ጥናቱ አልቋል እትዬ" ብሎ ኮምፒውተሩን ዘጋ።

ገበያው ሲበተን ሁልጊዜ ልጣጩን ለቅመን፣ ቦታውን ጠርገን ነው የምንሄደው። ለካ ባዶ ያስባለን ይኸው መጥረጋችን ነው። ደክሞኛል።

እናንተስ እያላችሁ "የሉም" የተባላችሁበት ቦታ አለ? ጻፉልኝ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

እኔ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ቦታዬን አልጠርግም።