ለትንሣኤ የተቀመጠ ጣሳ

ትእዛዙ የደረሰን በጸሎተ ሐሙስ ማለዳ ነው። «ከኢታንግ በታች ያለውን ጉብታ ይዛችሁ ቆዩ» ተባልን። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነበር። እኔ ለጦሩ ስንቅ የማበስል፣ ውሃ የምቀዳ ሴት ነበርኩ። ተኩስ ሲበዛ ጠመንጃም ይዣለሁ። ስሜ ከወታደሮቹ ጋር አልተጻፈም፤ ምሽጉ ውስጥ ግን ነበርኩ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ድንበር የተሻገሩ ታጣቂዎች ከበቡን። ተኮሱብን። ተኮስንባቸው። ፀሐይ ስትወጣ ሦስት ልጆቻችን ወድቀዋል። አንደኛው የአዛዣችን የሃምሳ አለቃ ደምሴ የእህት ልጅ ነበር። ከእነሱም አንድ ሰው ጭኑን ተመትቶ ምሽጋችን አፍ ላይ ወደቀ። ጎትተን አስገባነው።

የባሮ ወንዝ ከፊታችን ይታያል። መንገዱን ግን የእነሱ መትረየስ ይዞታል። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ውሃ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጣሳ አካፈልኩ። ሃምሳ አለቃ አክፍሎት ይዞ ነበር፤ እስከ ትንሣኤ እህልም ውሃም አይቀምስም። የእሱን ጣሳ በቅጠል ከድኜ አንድ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩለት።

ስድስት ሰዓት ላይ ቁስለኛው መናገር ጀመረ። ኦሞት የሚባለው ወታደራችን የጋምቤላ ልጅ ስለሆነ ቋንቋውን ያውቃል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ውሃ ይላል፣ እትዬ።»

የራሴን ድርሻ ይዤለት ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ጣሳውን በጫማው መታው። ውሃውን አሸዋው ጠጣው።

«አንቺ ሴትዮ! የእህቴን ልጅ ለገደሉ ነው ውሃ የምታጠጪው?»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ስቅለት መሆኑን አንቺ ልትነግሪኝ?»

«ታዲያ ሐሞት ላምጣለት? ሆምጣጤ እንደሆነ የለኝም።»

ኦሞት ሳቅ አመለጠው።

«ዝም በል፣ አንተ የሚሲዮን ልጅ!»

«እሺ ጌታዬ። እሱም የሚሲዮን ልጅ ነኝ ይላል።»

ሃምሳ አለቃ ጀርባውን ሰጠን። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ መስገድ ጀመረ። እሱ «ኪርያላይሶን» ይላል፤ ሰውየው ውሃ ይላል። እሱ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ሰውየው ውሃ ይላል። ያችን አንዲት ቃል ሁላችንም ለመድናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ ቆመ።

ሃምሳ አለቃ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀረ። አዳመጠ። ከዚያ ተነሣ፤ ግንባሩ አፈር ነው። ከጣሳው ላይ ቅጠሉን አነሣ፤ የሰውየውን ራስ በክንዱ ደገፈ።

«ጠጣ፣ ወንድሜ።»

ውሃው በከንፈሩ ጥግ ወደ አንገቱ ወረደ። ደግሞ አፈሰሰለት። ያም ወረደ።

«ንገረው እንጂ!» ብሎ ኦሞት ላይ ጮኸ።

«ነገርኩት፣ ጌታዬ። አይሰማም።»

ሲመሽ ተኩሱ በረደ። የመቃብር ጉድጓዶቹን በአንድ መስመር አስቆፈርኩ፤ አንዱ ከሌላው ያነሰ እንዳይሆን ቆሜ አየሁ። የተቃወመኝ የለም። በማግስቱ ሻምበሉ ሊያየን መጣ።

«ስንት ሰው ሞተባችሁ?»

«አራት» አለ ሃምሳ አለቃ።

«ሦስት ነው የተባልኩት።»

«አራት ነው፣ ጌታዬ።»

ልጆቼ፣ እኔ ከፊደል ብዙ አልዘለቅሁም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ጌታ የተሰቀለው ለወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረት ባልለመነ ነበር። «ተጠማሁ» ያለውም ለዜማ አይደለም፤ ጠምቶት ነው።

ዛሬም በስቅለት ቀን፣ ሕዝቡ ሲሰግድ፣ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ስለዚህ ግንባሬ መሬት ከመንካቱ በፊት ውሃ የሚል ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።