ለሁለት ሰው ምሳ

ጓደኞቹ «ደርሶ መልስ» ይሉታል። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ይሄዳል ይመለሳል፣ ይመለሳል ይሄዳል፤ ዕድሜውን በሁለት መናኸሪያዎች መሀል እንዲህ ሲመላለስ ፈጀው። ጡረታ በወጣበት ቀን አንዱ ባልደረባው ትከሻውን ቸብ አድርጎ «እንግዲህ ደርሶ መልስ፣ ከዛሬ ወዲያ መድረስ ብቻ ነው የቀረህ» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ነገሩ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። የት ነው የሚደርሰው?

የሚደርስበት ቤት ድሮ ነበረው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ተጣልተው አልተለያዩም፤ ዳኛ ፊት አልቆሙም፣ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። መንገድ ነው እያዋዛ የለያያቸው። ልጃቸው አድጋ የራሷን ትዳር ከያዘች በኋላ ልብስ ሰፊዋ «እናቴን ላስታምም» ብላ ወደ ተወለደችበት ከተማ ሄደች። እናቷ አረፉ። እሷ ግን የስፌት መኪናዋን እዚያው መስኮት ሥር ተክላ ቀረች። እሱ ነይ አላላትም፤ እሷም ልምጣ አላለችውም። አንዱ የሌላውን አፍ ሲጠብቅ የሁለቱም ፀጉር ሸበተ።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚከብደው ሌሊቱ አይደለም። ሌሊትን ይችለዋል፤ መሪ ላይ ሆኖ ስንቱን ሌሊት አሳልፏል። አልገፋ ያለው ቀትር ነው። ቀትር ላይ ሰፈሩ ጭር ይላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ለምሳ ይገባሉ፤ ከየቤቱ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ይሰማል፤ አንዷ እናት «እጅህን ታጠብ» ትላለች። ደርሶ መልስ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይህን ሲያዳምጥ አንድ ነገር ገባው። ከዚያች ሴት ጋር ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጣራ ሥር ኖሮ፣ ምሳ አብሯት በልቶ አያውቅም። በዓልም ሆነ እሑድ እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ እንዲያውም ሰው የሚበዛው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በጠራራ ፀሐይ ከፊቷ ተቀምጦ እንጀራም ይሁን ዳቦ አብሯት መቁረስ አማረው። እንደ ልጅ አማረው።

ቦታውን ለመምረጥ ብዙ አላሰበም። ሐይቁ ዳር ያለውን መዝናኛ ያውቀዋል፤ እንግዳ ጭኖ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል። እንግዶቹ ውኃው ዳር ወዳለው፣ ግድግዳ የሌለው፣ በሸራ ጥላ ወደተሸፈነው ምግብ ቤት ይወርዳሉ። እሱ ከሾፌሮች ጋር ከማዕድ ቤቱ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚበሉትን ያያል። አንዱ ሲጎርስ ሌላዋ ታወራለች፤ አንዷ ስትስቅ ሌላው ማንኪያውን ይረሳል። ጡረታ ሲወጣ መዝናኛው «የረጅም ጊዜ ወዳጃችን ነህ» ብሎ የቅናሽ ካርድ ሸልሞት ነበር። መኝታና ምግብን አስቀድሞ ለሚከፍል ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ።

«ለስንት ሰው ነው፣ ጋሼ?» አለችው እንግዳ የምትመዘግበው ልጅ።

«ለሁለት።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ።

«ፉል ቦርድ ነው ሀፍ ቦርድ?»

እነዚህን ቃላት ከእንግዶች አፍ ሲሰማ ኖሯል፤ ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆ ግን አያውቅም። ሾፌር ነውና «ፉል» የሚለውን ከነዳጅ ማደያ ያውቀዋል። ፉል አድርገው ካልክ ጢም አድርጎ ይሞላልሃል፣ አንተም ሙሉውን ትከፍላለህ። እንግዲህ ሀፍ ማለት የግማሽ ዋጋው መሆን አለበት፤ ለባለ ካርድ የተቀመጠ።

«የቅናሽ ካርድ አለኝ እያልኩሽ? ሀፉን ነዋ!»

«ሀፉን» አለችና መዘገበች። እሱም ያለውን ሰብስቦ የሁለት ቀኑን አስቀድሞ ከፈለ። ከዚያ የቀረው ከባዱ ስልክ ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጃችን ምን ሆነች?»

«ማንም ምንም አልሆነም። ምሳ ልጋብዝሽ ብዬ ነው።»

«ምን?»

«ምሳ።»

«አንተ? ምሳ?» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሊለይ አልቻለም። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?»

«በወጣችበት ትውጣ። አናታችን ላይ ስትሆን አብረን እንድንበላ ነው የፈለግኩት።»

እንቢ አላለችም። ቀኑን ጠየቀችው።

በቀጠሮው ዕለት ረፋዱ ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። ራሷ የሰፋችውን ውኃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ እርጅና ትከሻዋን ትንሽ ሰብሮታል እንጂ አረማመዷ ያው ነው፤ ቸኩላ ያልቸኮለች ለመምሰል የምትራመደው ዓይነት። ሰላም ሳትለው ኮቱን ያዝ አደረገችው።

«ይሄን ማን ነው የሰፋልህ? ትከሻው ዘሟል።»

«ገዝቼው ነው።»

«ያስታውቃል።»

ወደ ውኃው ዳር ወረዱ። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፤ የጠረጴዛው ልብስ በነፋሱ እንዳይነሳ አራት ጫፉ በመቆንጠጫ ተይዟል። ከወዲያ በኩል ዓሣ ይጠበሳል፤ ሽታው ከሐይቁ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ደርሶ መልስ ወንበር ሳበላት።

አስተናጋጇ መጣች፤ ፊቷ ፈገግ ያለ፣ ገና ወጣት ናት። የክፍላቸውን ቁጥር ጠይቃ በእጇ የያዘችውን የእንግዶች ዝርዝር ተመለከተችና ፈገግታዋ ቀዝቀዝ አለ።

«ጋሼ፣ የእናንተ ሀፍ ቦርድ ነው እኮ።»

«አዎ፣ ሀፍ ነው።»

«ሀፍ ቦርድ ቁርስና እራት ነው፤ ምሳ የለውም።»

«እንዴት ምሳ የለውም? ታዲያ ከምኑ ላይ ነው ሀፍ የሆነው?»

«ከምግቡ ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

ጆሮው ጋለ። ኪሱን ዳበሰ፤ ያለው የመመለሻው ብቻ ነው። «እራቱን አሁን ስጪንና ማታ ጦማችንን እንደር» አላት፤ ቀልድ ቢያስመስለውም የምሩን ነበር። ልጅቷ አሳዘናት መሰል ሄዳ ኃላፊዋን ጠይቃ መጣች። «ለዛሬ አይሆንም አሉ። ዛሬ ከተነገረ የነገን እራት ወደ ነገ ምሳ ማዞር ይቻላል። ሻይና ደረቅ ብስኩት ግን በማንኛውም ሰዓት አለው፤ እሱን ላምጣ?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎት ሊነሳ ሲል ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች።

«አንተ ሰው፣ አንተ እኮ ድሮም ሀፍ ቦርድ ነበርክ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስትመጣ ማታ ትመጣለህ፣ እራትህን ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ጠዋት ቁርስህን በልተህ ትወጣለህ። ምሳ ላይ የለህም። እኔ ሀፍ ቦርድ ነው ያገባሁት፤ ስሙን ዛሬ ገና አወቅኩት እንጂ።»

አስተናጋጇ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ሻዩን ልታመጣ ሄደች። እሱ አልሳቀም። ጠረጴዛውን እያየ «እኔ እኮ ለምሳው ነበር የጠራሁሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ምንም አልነበረውም ነገሩ። ምሳው ብቻ ነበር።»

ሳቋ ቆመ።

«ሂሳቡን ልቻለው እንዳልል» አለች፣ «ያንተን ምሳ እኔ ቀድሜ ከፍዬ ጨርሻለሁ። በየቀኑ ያንተንም ሳህን አቀርብ ነበር። ልጅቷ ‹እማ፣ ይሄ የማን ነው?› ትለኛለች። የአባትሽ ነው፣ ምናልባት መኪናው ተበላሽቶ ይመለስ ይሆናል እላታለሁ። መኪናህ እንዲበላሽ የለመንኩበትም ቀን አለ፣ ምን እደብቅሃለሁ።»

«ያ ሦስተኛ ማርሽ አልገባም እያለ ያሰቃየኝ፣ ያንቺ ጸሎት ነው በይኛ!»

«ተበላሽቶም አልመጣህ። ጋራዥ አደርክ።»

ሻዩ መጣ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ናት፤ ሐይቁ በብርሃን ተሸፍኖ ማየት ያስቸግራል። ዙሪያውን ሰው ይበላል፤ እነሱ ብስኩት በሻይ እየነከሩ ተቀመጡ። ስለ ልጃቸው አወሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። እሷ ሻይዋን እያማሰለች ሳታውቀው አንድ ዜማ አጉረመረመች፦

«ማታማ ማን አጣህ፣ ጨረቃም ታይሃለች፤
የቀትሯ ፀሐይ ናት ስትናፍቅ የዋለች።»

ዜማውን ያውቀዋል። ጎህ ሲቀድ ጫማውን ሲያስር ከስፌት መኪናው ጀርባ ሲሰማው ኖሯል። «ይሄን ዘፈን በየካሴቱ ስፈልገው ኖሬ አጣሁት» አላት። «የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ። የማን ይሁን?»

ያን ሁሉ ዘመን ለእሱ የተዘፈነውን ዘፈን ሌላ ሰው የዘፈነው መስሎት እያፏጨ መንገድ ሲሄድበት ኖሯል።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ቦርሳዋን አነሳች። የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ነው።

«እደሪ» አላት። «ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። ነገ ምሳ አለ።»

«ነገ ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ትመጣብኛለች።»

ሙሽራዋ እውነት መሆኗን አወቀ። ከሙሽራዋ ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለም አወቀ። አንድ ቀትር፣ ያውም በብስኩት፣ ስንቱን ቀትር ይክሳል? አልለመናትም። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች።

«የነገውን ለሁለት አስመዝግበው።»

«ትመጫለሽ?»

«አስመዝግበው አልኩ እንጂ እመጣለሁ አልኩህ?»

ሄደች።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያው ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ። ትከሻው የዘመመውን ኮት ክፍሉ ውስጥ ትቶት ነው የወጣው። አስተናጋጇ ሁለት ሳህን ዓሣ፣ ሩዝና ሰላጣ አቀረበች፤ ምንም አልጠየቀችውም። ከላይ ከመንገዱ የረፋዱ አውቶቡስ ዘግይቶ ደረሰ። ሰዎች ወረዱ፤ ሻንጣ የያዙ፣ ሕፃን ያቀፉ። ውኃ ሰማያዊ ቀሚስ አልነበረም። አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ።

የምግቡ እንፋሎት እየሳሳ ሲጠፋ ተመለከተ። ከፊቱ የተቀመጠ ሙሉ ሳህን፣ ባዶ ወንበር፣ ጆሮን መንገድ ላይ ጥሎ መቀመጥ። ሰው ቢመጣስ ብሎ አለመብላት፣ አይመጣም ብሎም አለማንሳት። እንዲህ ነበር እንዴ? በየቀኑ እንዲህ ነበር? ሲነዳ ቀትር ማለት ሙቀትና የጎማ ሽታ ነበር። ቀትር ሌላ ቦታ፣ አንዲት ሴት ፊት፣ እንዲህ እየቀዘቀዘ መዋሉን ማን ነገረው?

«ጋሼ፣ የእሳቸውን ላንሳው?» አለችው አስተናጋጇ ለስለስ ብላ።

«ይቆይ፣ ልጄ።»

ስልኩ ጠራ።

«ቀረበ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቀርቧል።»

«ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው። ያንቺም ቀርቧል።»

«እኔም አቅርቤያለሁ። ያንተንም።»

«ሙሽራዋስ?»

«ለክታ ሄደች። ወገቡ ሰፍቷታል፣ ማታ አጠብበዋለሁ። በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አንቺ ጀምሪ።»

«እኩል እንጀምር።»

ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ከፊት ለፊቱ፣ ከእሷ ሳህን አጠገብ፣ ከብርጭቆ ጋር አስደግፎ አቆመው። ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ ሰማ። እሱም ጎረሰ።

«ጨው አለው?» አለች።

«ትንሽ አንሶታል።»

«የእኔም አንሶታል።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። በስልኩ ውስጥ ከእሷ ሰፈር የልጆች ድምፅ አለፈ፤ ውኃ ስትቀዳ ተሰማው፤ በእሱ በኩል ሐይቁ ድንጋዩን እየነካ ይመለሳል፤ ይህንንም እሷ ሳትሰማው አትቀርም። ዓሣው በርዷል፣ ሩዙም ደርቋል። ደርሶ መልስ ግን ምሳው እንዳያልቅበት ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ እያቆየ ያኝክ ነበር።